ሦስት መስመርና አንድ ኪያር

ፕራክሲላ የሚለውን ስም ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አልፈርድባችሁም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በደቡብ ግሪክ፣ ሲኪዮን በምትባል ከተማ የኖረች ገጣሚ ናት። በኋላ ታላቁ ቀራፂ ሊሲጶስ የነሐስ ሐውልት ሠርቶላታል። ዛሬ የቀረን ጥቂት ቁርጥራጭ ስንኝ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ሦስቷን መስመር ወደ አማርኛ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግሪክ አፈ ታሪክ መልከ መልካም ወጣት አዶኒስ ሞቶ ሲኦል ይወርዳል። ሙታኑ “ትተኸው ከመጣኸው ሁሉ ያማረው ምንድን ነው?” ይሉታል። መጀመሪያ ፀሐይን ይጠራል፣ ቀጥሎ ከዋክብትንና ጨረቃን። ከዚያስ? ኪያር!

ግሪኮች ሳቁበት። “ከፕራክሲላ አዶኒስ የባሰ ቂል” የሚል ተረት ወጣ። ዘኖቢዮስ የሚባል ተረት ሰብሳቢ አባባሉን ሲያብራራ ስንኞቹን ጠቀሳቸው፤ ለእኛም የደረሱት በዚሁ ነው። ፌዝ አተረፋቸው ማለት ነው።

የመጀመሪያ ጥፋቴ ቤት ለማስመታት መሯሯጤ ነበር። ግሪኩ ቤት አይመታም፤ በረጅምና በአጭር ድምፅ ምት ነው የሚሄደው። እኔ ግን ለ“ጨረቃ” ቤት ስፈልግ ኪያሩ ቦታ አጣ። “የምድር ፍሬ” ብዬ አለፍኩት። ለእህቴ ሳነብላት “ያምራል” አለች፣ ስልኳንም አነሳች። ሙሾ መስሏት ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ ብልጥ ልሁን አልኩ። ኪያር በግሪክ “ሲኪዮስ” ነው፤ ከከተማዋ ስም ጋር ይገጥማል። ምናልባት ፕራክሲላ ሆን ብላ ተጫውታበት ይሆናል። እኛስ “ቅል” እና “ቂል” አለን አይደል? ኪያሩን ቅል አደረግኩት። ቀልዱ ሠራ፤ ግን ቅል ማን ይናፍቃል? ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል የተባለው በከንቱ አይደለም። ሰረዝኩት።

በመጨረሻ ቤቱንም ቀልዱንም ትቼ፣ ቃሉን እንዳለ አስቀመጥኩት፦

ከተውኩት ሁሉ ያማረው የፀሐይ ብርሃን ነው፣
ቀጥሎም የሚያበሩ ከዋክብት፣ የጨረቃም ፊት፣
ደግሞም የደረሰ ኪያር፣ ፖምም፣ ፒርም።

እህቴ ኪያሩ ላይ ስትደርስ ሳቀች። “ሰላጣ አማረው እንዴ?” አለች። ከዚያ ዝም ብላ ሦስተኛዋን መስመር ደግማ አነበበቻት።

“አሳዘነኝ” አለች። “ፒር ግን ምንድን ነው?”