ኦንጎታን ለመቅዳት ከሐዋሳ ለምትነሱ

የማይኩን የንፋስ መከላከያና ትርፍ ባትሪ ከሐዋሳ ያዙ፤ ከኮንሶ ወዲያ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኩ። ኦንጎታ ወይጦ ወንዝ ዳር በጥቂት አዛውንቶች አንደበት የቀረ ቋንቋ ነው፤ ወጣቱ የሚናገረው ፀማይኛ ነው።

በዋቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል)፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቅዱ። ማይኩ ከአፍ ጥግ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽ ይመታዋል።

ዋናው ጣጣ ቃናው፣ ማለትም የድምፁ መቅጠንና መወፈር ነው። ግሱ ያለፈ ይሁን ያላለፈ የሚለየው በቃና ከፍታና ዝቅታ ነው። ቃላት በዝርዝር ስታስጠሩ ደግሞ ተናጋሪው የመጨረሻዋን ቃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘጋታል፤ ይህንንም የግሱ ቃና አድርጎ የሚመዘግብ ብዙ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ግስ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር መሃል ከትታችሁ ሦስት ሦስት ጊዜ አስብሉ። አባቶች ይሰለቻሉ፤ በየመሃሉ ጨዋታ ይግባ፣ ያም ይቀዳ (ደህናው ሰዋስው የሚገኘው ከጨዋታው ነው)። ፈቃዳቸውን በድምፅ ያዙ። ማታውኑ በሁለት ዲስክ ገልብጡ።