ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ያቃተውን ልጅ እንዴት አስነብባለሁ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ቤት ለቤት ሳስጠና፣ ወላጅ መጀመሪያ የሚለኝ «ፊደል እንኳ ጠንቅቆ ያውቃል» ነው። ያውቃል፣ ግን በዜማው። ጣቴን «ጌ» ላይ ሳሳርፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ» ብሎ ነው የሚደርስበት።

ስለዚህ የፊደል ገበታውን አነሳና ከካርቶን ካርድ እቆርጣለሁ። በአንድ ጊዜ 12 ካርድ ይበቃል፤ 9ኙ የሚያውቃቸው፣ 3ቱ አዲስ፤ ከ15 ደቂቃ አላሳልፍም። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ በአንድ ቀን አዲስ ሆነው አይቀርቡም፤ ይምታታሉ። የቄስ ትምህርት ቤቱ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሀ ሁን ዜማ ጥሩ አድርጎ ይሰብራል። እሱም ሲደጋገም ዜማ ይሆናልና ካርዱን መበወዝ አይቀርም።

ካዕብ (ሁለተኛው፣ እንደ ቡ)፣ ሣልስ (ሦስተኛው፣ እንደ ቢ) እና ኃምስ (አምስተኛው፣ እንደ ቤ) ብዙ አያስቸግሩም፤ እንደ ሩ እና ፉ ያሉትን ለብቻ ማስያዝ ነው። ጣጣው ሳድስ፣ ስድስተኛው፣ ነው። ል፣ ብ፣ ን፣ ር እያንዳንዳቸው መልካቸው ለየቅል ነው። ድምፁም አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል። «ትምህርት» አምስቱም ሆሄ ሳድስ ነው። ልጁ አምስቱንም እኩል እየረገጠ «ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት» ይልና «ቲቸር፣ አነበብኩት እኮ!» ይላል። ምን እንዳነበበ ግን አያውቅም። እኔ ቃሉን አልነግረውም፤ «አሁን አፍጥነህ በለው፤ የምታውቀው ነገር ነው?» እላለሁ። ሁለት ሦስቴ ሲያፈጥነው አፉ ራሱ ያገኘዋል። ለዚህ ነው በአፉ የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ የማስቀድመው፦ ምስር፣ ድንች፣ ብርድ ልብስ። መንገድ ላይም ታፔላ አስነብበዋለሁ፤ «ልብስ ስፌት» ለሳድስ በጣም ይመቻል፣ የፊደሉ ቅርጽም ከመጽሐፉ ስለሚለይ በደንብ ይፈትናል።

ቀጥሎ ማጥበቅና ማላላት ይመጣል። ጽሕፈቱ ስለማያሳይ ልጁ ዐረፍተ ነገሩን መረዳት አለበት። «እሺ አለ» ላልቶ፣ «ዳቦ አለ» ጠብቆ ይነበባል። «ልጁ ይመታል» እና «ልጁ ኳሱን ይመታል»ን ጎን ለጎን ጽፌ፣ በየትኛው ልጁ እንደሚያለቅስ እጠይቃለሁ። ሳቅ ካለ ገብቶታል ማለት ነው። ሲሳሳት አቋርጦ ማረም አይጠቅምም፤ እስከ አራት ነጥቡ ይድረስና ራሱ ይመለስበት።

ንባብ የዘገየ ልጅ ሒሳብም የማይገባው ይመስላል። 24 ሲካፈል ለ4ን በቅጽበት ይሠራል፤ «24 ብርቱካን ለ4 ልጆች እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» ሲባል ግን ይቆማል። «ቢከፋፈል»ን ሆሄ በሆሄ ሲለቅም መጀመሪያው ከአእምሮው ይጠፋል። ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነብለትና ብቻውን እንዲሠራ እተወዋለሁ። በትክክል ከሠራው የሒሳብ አስጠኚ አያስፈልገውም፤ በዚያው ሰዓት ንባቡ ላይ መቆየት ይሻላል።