ከፖስተሩ በፊት ያሉት ወራት

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ለድሬዳዋ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጩ ሆኖ የቀረበ የሰፈሬ ልጅ ነበረ፤ ቅስቀሳውን ካስተባበሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። አልተመረጠም። ከዚያ ወዲህ ለመወዳደር ያሰቡ ሦስት ሰዎች ምክር ፈልገው መጥተውብኛል፤ ሦስቱም መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ፖስተርና ስለ ድምፅ ማጉያ መኪና ነው። የአዲስ ዕጩ ዕድል የሚወሰነው ግን ፖስተሩ ማተሚያ ቤት ሳይገባ በፊት ባሉት ጸጥተኛ ወራት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወዳደሩበት ወንበር ምን ሥልጣን እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት ከተማ ናት፤ ሕዝቡ የሚመርጠው የምክር ቤቱን አባላት ሲሆን፣ ከንቲባውን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። የከተማዋ በጀት፣ የውስጥ መንገድ፣ የውኃ አገልግሎት፣ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የሚመክት ግንብ የመሳሰለው ጉዳይ በዚህ ምክር ቤት ፊት ይቀርባል። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደባት ከተማ ስለሆነች፣ የጎርፍ ነገር እዚህ ተራ የልማት ርእስ አይደለም። የመብራትና የባቡር ጉዳይ ግን በፌዴራል ተቋማት እጅ ነው። የእኛ ዕጩ ይህን ሳይለይ ለገሃሬ አካባቢ በተደረገ ትንሽ ስብሰባ ላይ የመብራት መቆራረጥን እንደሚያስቀር ቃል ገባ። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ የመብራቱ አዛዥ ያለው አዲስ አበባ አይደለም እንዴ?» አሉት። የሚመልሰው አልነበረውም። እኚያን አባት ለማሳመን ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ፈጅቶብናል።

ቀጥሎ የሚመጣው በእግር መዞር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላውም ይህ ነው። ዕጩው አንድ ደብተር ይያዝ፤ በየሰፈሩ የሰማውን በሰውየው አባባል እንዳለ ይጻፍ፤ በዚያ ቀን ስለ ራሱ ብዙ አይናገር። የድሬዳዋን ሰዓት ማክበርም ግድ ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ያርፋል፤ በዚያ ሰዓት በር ማንኳኳት ድፍረት ሆኖ ይቆጠራል። ሰው የሚገኘው በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ በየደጁ ሻይ ሲፈላ ነው። አንድ ማታ ገንደ ቆሬ ውስጥ ሻይ የሚሸጡ እናት ስለ ውኃው ስንጠይቃቸው ምንም ሳይናገሩ በራዳቸውን ገልብጠው መብራት ሥር አስጠጉልን፤ የውስጥ ግድግዳው በነጭ ጠጣር ድንጋይ ተለብዷል። ከዚያ በኋላ ዕጩው ስለ ውኃ ሲናገር የሚጀምረው ከዚያች በራድ ነበር፤ አድማጩም ከቤቱ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ያዳምጠው ነበር።

በዚህ ዙር አማርኛ ብቻውን አይበቃም። በከዚራ በአማርኛ የሚግባባ ሰው መጋላ ሲሻገር ኦሮምኛና ሶማልኛ ያስፈልገዋል፤ አስተዳደሩ እንደ ጀልዴሳና ዋሂል ያሉ የገጠር አካባቢዎችንም እንደሚያጠቃልል መርሳት አይገባም። ቋንቋውን የማይችል ዕጩ አስተርጓሚ ከሌላ ቦታ ይዞ ከሚሄድ፣ የዚያው ሰፈር ተወላጅ የሆነና የሚከበር ሰው አብሮት እንዲዞር ቢለምን እጅግ ይሻለዋል።

እስካሁን የሚቆጨኝ የመራጭ ካርድ ጉዳይ ነው። አንድ የእናቶች አፎሻ (እንደ ዕድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር) በስብሰባቸው ላይ ተቀብሎን፣ ቡና አፍልቶ፣ ዕጩውን መርቆ ነበር፤ እኛም አርባውን እናቶች በደብተራችን ደጋፊ ብለን መዘገብን። ካርድ ማውጣታቸውን ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። በድምፅ መስጫው ዋዜማ ስንደዋወል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልተመዘገቡም፤ ምዝገባው ደግሞ ተዘግቷል። አንዷ እናት «እናንተ ሳትነግሩን እኛ በምን እንወቅ?» ያሉኝ እውነት ነው። 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ሰው መመዝገብ ይችላል፤ ምዝገባ በተከፈተ ዕለት የዕጩው ሥራ ደጋፊውን እስከ ምርጫ ጣቢያው ድረስ መሸኘት ነው። ንግግሩ ይቆየው።

ሕጉን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ንና የምርጫ ቦርድን መመሪያዎች ዕጩው ራሱ ተቀምጦ ያንብብ። ዕጩ 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በወታደር ካምፕ ውስጥ መቀስቀስ ክልክል ነው፤ ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት አራት የጽሞና ቀናትም ቅስቀሳ ይቆማል። ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ መቀበልም አይፈቀድም። እዚህ ከተማ ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ የሚላከውን ርዳታ ከመቀበል በፊት የላኪውን ዜግነት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይያዝ።

በየጣቢያው የሚቀመጡ ወኪሎችንም አስቀድሞ መምረጥና ማሠልጠን ይገባል። ድምፅ በተሰጠበት ዕለት ሌሊት ወኪሎቻችን በየጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት በስልክ መብራት እያዩ ገለበጡልን፤ እኔም ቁጥሩን ሰፈሮቹን በጻፍንበት በዚያው ደብተር ላይ አሰፈርሁት። በማለዳና በማታ በእግር የዞርንባቸው ሰፈሮች ድምፅ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በድምፅ ማጉያ መኪና ብቻ ካለፍንባቸው በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ለምክር የሚመጣ ሰው ስለ ፖስተር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምገልጥለት ያንን ገጽ ነው።