ፈገግ ያለው መልአክ

ዛሬ ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር ተሳፍሬ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ ሬምስ ገባሁ፤ የአገሩ ሰዎች ግን «ራንስ» ስለሚሏት ቲኬት ስቆርጥ ከሻጩ ጋር ለመግባባት ጥቂት ተቸግሬ ነበር። የከተማዋ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1211 ሥራው የተጀመረ ሲሆን፣ የፈረንሳይ ነገሥታት ለዘመናት ሥርዓተ ንግሣቸውን የፈጸሙት፣ በ1825 ደግሞ የመጨረሻው ሻርል 10ኛ የተቀቡት በዚሁ ነው። እኔን ግን ከነገሥታቱ ይልቅ የያዘኝ በግራው በር ቆሞ ፈገግ የሚለው የድንጋይ መልአክ ነው። በሴፕቴምበር 1914 የጀርመን መድፍ ሕንፃውን ሲመታ፣ ለጥገና የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተቀጣጥሎ እሳቱ ወደ ጣሪያው ዘለቀ፤ የጣሪያው እርሳስ ቀልጦ የዝናብ ውኃ እንዲያፈሱ በተቀረጹት አውሬዎች አፍ በኩል ወረደ፤ የመልአኩም ራስ ወድቆ ተሰባበረ። ስብርባሪው ተለቅሞ ስለተጠበቀ፣ ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኖ ወደ ቦታው ተመለሰ። የተቃጠለው የጣሪያ እንጨት በኮንክሪት መተካቱን ስረዳ መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ዳግመኛ እሳት እንዳይበላው መሆኑን ሳስብ ግን ቅሬታዬን ተውሁት። መልአኩ ሥር ብዙ በመቆየቴ፣ ጀርመን ሜይ 7 ቀን 1945 እጅ መስጠቷን ወደ ፈረመችበት የቀድሞ ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር።