«ወረርሽኙ ከኢትዮጵያ ተነሳ» ያለው ማን ነው?

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም ነው። የድሮ የክፍል ጓደኞች የምንጨቃጨቅበት ግሩፕ አለን። አንዱ አጭር ጽሑፍ ለጠፈ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የምሥራቅ ሮማን፣ ማለትም የቢዛንታይንን ግዛት ያረገፈው፣ በንጉሡ በዮስጢንያኖስ ስም የሚጠራው ወረርሽኝ የተነሳው ከኢትዮጵያ ነው ይላል። «የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመሰከሩት» የምትል ሐረግም ጣል ተደርጋበታለች። ደሜ ፈላ። ለእውነት ብዬ ነው ብል ውሸት ነው፤ የፈላው ለአገሬ ነው። ረሃብ ሲባል እኛ፣ ጦርነት ሲባል እኛ፣ አሁን ደግሞ ወረርሽኙም?

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሒሳብ ግን አንድ ዓመል ያስይዛል። ወጪ ሲቀርብልህ ደረሰኙ የታለ ትላለህ። ደረሰኙ ሲመጣ ደግሞ ማን ቆረጠው፣ መቼ ተቆረጠ፣ ዕቃውን በዓይኑ ያየው ማን ነው ትላለህ። «ጸሐፊዎች» ተብሏል አይደል? የትኞቹ?

ደብተር ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ። ማን ጻፈ፣ በሽታው ሲመጣ የት ነበር፣ ከስንት ዓመት በኋላ ጻፈው፣ አየ ወይስ ሰማ። ግሪክኛም ሱርስትም (የጥንት ሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ) ስለማልችል ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ የቆዩት ትርጉሞች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ማታ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ሦስት ወር ያህል ፈጀብኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የያዝኩት ፕሮኮፒየስን ነው። ፍልስጤም ውስጥ ያለችው የቂሳርያ ሰው፤ የጦር አዛዡ የቤሊሳርዮስ ጸሐፊ ሆኖ ከዘመቻ ዘመቻ ዞሯል። ወረርሽኙ በ542 ቁስጥንጥንያን ሲመታ እዚያው ከተማ ውስጥ እንደነበረ ራሱ ይናገራል። መነሻውን ሲጽፍ ኢትዮጵያ አይልም። ከግብፅ፣ ከፔሉስዮም ነው የሚለው። ፔሉስዮም አባይ ባሕር ከሚገባበት ከዴልታው ምሥራቃዊ ጫፍ ያለች የወደብ ከተማ ነበረች። በሽታው ከዚያ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወደ እስክንድርያና ወደተቀረው ግብፅ፣ ሌላው ወደ ፍልስጤም ሄደ።

ደስ ብሎኝ ደብተሩን ልዘጋ ነበር። ግን ያ ወሬ ከሜዳ አልተነሳም፤ የሆነ ሰው ኢትዮጵያ ብሏል።

ያለው ኤቫግሪየስ ነው። አንጾኪያ ውስጥ ይሠራ የነበረ የሕግ ሰው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪኩን የጨረሰው ወረርሽኙ ከገባ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ590ዎቹ መጀመሪያ ነው። ልሳደብ ተዘጋጅቼ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። አልቻልኩም። ሰውዬው ልጅ ሆኖ፣ ገና ከመምህር እግር ሥር ሳለ፣ ራሱ ታሞ የበሽታው ምልክት የሆነው እብጠት ወጥቶበት ተርፏል። በሽታው እየተመላለሰ ሚስቱን ወሰደበት። ልጆቹን ወሰደ። ዘመዶቹን፣ አገልጋዮቹን። ይህን ሲጽፍ 58ኛ ዓመቱ ላይ ነው፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ሴት ልጁንና የእሷን ልጅ ቀብሯል። ያን ገጽ ሳነብ በቴሌግራም ወሬ መንጨርጨሬ አሳፈረኝ።

ስለ መነሻው ግን የጻፈው አንዲት መስመር ናት። ከኢትዮጵያ ተነሳ «ይባላል»፤ ያኔም ይባል ነበር፣ አሁንም ይባላል። ስለ እብጠቱ ወይም ስለ ልጆቹ ሲጽፍ እኮ ይባላል አይልም። ግሩፑ ላይ የለጠፈው ሰው፣ ወይም እሱ የገለበጠበት ሌላ ሰው፣ ይህችን ቃል ውጧታል። ደግሞ እዚያው ምዕራፍ ላይ ኤቫግሪየስ ይህ በሽታ ቱሲዲደስ ከጻፈው ጋር በከፊል ይመሳሰላል፣ በከፊል አይመሳሰልም ይላል።

ቱሲዲደስ ከእነሱ ወደ 1000 ዓመት ገደማ የሚቀድም የአቴና ሰው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 አቴናን ስለመታው ወረርሽኝ ጽፏል፤ ራሱም ታሞ ተርፏል። እና ምን ይላል? ከግብፅ በላይ ካለችው ኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ ግብፅና ወደ ሊቢያ ወረደ፣ ይባላል። ይኸው! ወንበሬ ላይ ሆኜ ጮህኩ። በሮማ ዘመን የተማረ ሰው ግሪክኛ ጽሕፈት ሲማር ቱሲዲደስን አንብቦ ነው የሚያድግ። ስለ ወረርሽኝ ሊጽፍ ብዕር ሲያነሳ ያ ምዕራፍ ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ደግሞ ቱሲዲደስ ኢትዮጵያ ሲል ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁሮች አገር በጅምላ ነው፤ የአክሱም መንግሥት ያኔ ገና አልተወለደም። ሁለት የመሰሉኝ ደረሰኞች ከአንድ ጥራዝ የተቆረጡ ናቸው አልኩ።

የፕሮኮፒየስ ዝምታ ክብደት የገባኝም እዚህ ላይ ነው። እሱም ቱሲዲደስን የሚኮርጅ ሰው ነው፤ የወረርሽኙ ምዕራፍ አጻጻፍ በሙሉ የአቴናውን ይሸታል። የመነሻው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ቅጂውን ትቶ ፔሉስዮም ይላል። አክሱምን ሳያውቅ ቀርቶም አይደለም። ከአዱሊስ እስከ አክሱም የ12 ቀን መንገድ እንደሆነ ይነግርሃል። እለ አጽብሓን፣ የኛን አፄ ካሌብን፣ ኤለስቴያዮስ እያለ ይጠራዋል። ዮስጢንያኖስ ሐሩን ከፋርስ ነጋዴዎች እጅ ሳይሆን በኢትዮጵያውያን በኩል ለማግኘት መልእክተኛ እንደላከና እንዳልተሳካ ይተርካል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ወረርሽኙ ከአክሱም መጣ የሚል ወሬ ቢሰማና ቢያምነው ኖሮ ይጽፈው ነበር፣ ብዬ ደመደምኩ።

ግሩፑ ላይ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። «አገር ዳነ» አሉኝ። ላይኩ ዘነበ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው፤ ያላነበብኩት አንድ ሰው ቀርቶ ነበር።

የኤፌሶኑ ዮሐንስ ይባላል። የአሚዳ (ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለች ከተማ) አገር ልጅ፣ በሱርስት የሚጽፍ፣ በሃይማኖቱ ከኛ ከተዋሕዶዎቹ ወገን የሆነ መነኩሴ። ወረርሽኙ ሲመጣ ከፍልስጤም እስከ ቁስጥንጥንያ አብሮት ነው የተጓዘ ማለት ይቻላል። አጻጻፉ ቱሲዲደስን አይመስልም፣ ኤርምያስን ነው የሚመስለው። ቁስጥንጥንያ ውስጥ ሰው ስሙ የተጻፈበት ነገር አንገቱ ወይም ክንዱ ላይ ሳያንጠለጥል ከቤቱ አይወጣም ነበር ይላል፤ መንገድ ላይ ቢወድቅ ማንነቱ እንዲታወቅ። በየበሩና በየወደቡ ቆመው ሬሳ የሚቆጥሩ ሰዎች 230,000 ሲደርሱ መቁጠር አቆሙ ይላል። ፕሮኮፒየስ ደግሞ በቀን 5,000፣ ኋላም 10,000 እና ከዚያ በላይ ይላል። እነዚህን ቁጥሮች ማስታረቅ ሞክሬ ተውኩት፤ ሁለቱም «ከቁጥር በላይ ነበር» እያሉ ነው። የገረመኝ ሌላ ነው። ሬሳውን እንዲያስቀብር ንጉሡ ገንዘብ ሰጥቶ ያዘዘው ባለሥልጣን ቴዎድሮስ ይባላል ይላል ፕሮኮፒየስ። የማያነበው፣ በሌላ ቋንቋ የሚጽፈው፣ በሃይማኖትም የማይገናኘው ዮሐንስም ቴዎድሮስ ይላል። አንድ ተራ ስም ላይ እንዲህ ሲገጥሙ ነው እኔ ያመንኳቸው።

ችግሩ ዮሐንስ ስለ መነሻው የሚለው ነው። በመጀመሪያ የታየው በደቡብ ምሥራቅ፣ በሕንድ ማለትም በኩሽ፣ በሂምያር (በዛሬዋ የመን) እና በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ነው ይላል። ኩሽ! ይህ ሰው ደግሞ ከቱሲዲደስ አልቀዳም። ሦስተኛው ደረሰኝ ከሌላ ጥራዝ ነው።

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ ተመልሼ አነበብኩት። አንደኛ፣ የዮሐንስ መጽሐፍ ያ ክፍል በቀጥታ አልደረሰንም፤ ያለን ሌሎች የቀዱት ነው። አንዱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፓትርያርክ ሶርያዊው ሚካኤል ነው። (በነገራችን ላይ ይህን ዕድል እኛም እናውቀዋለን። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የግብፁ ጳጳስ የኒቅዩሱ ዮሐንስ ታሪክ ዋናው ጠፍቶ ዛሬ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ እሱም በ1602 ከዐረብኛ የተተረጎመ።) ሁለተኛ፣ «ሕንድ ማለትም ኩሽ» ሲባል የት ነው? ኑብያ ይሁን አክሱም አይታወቅም። ያ ዘመን ቀይ ባሕርን ካለፈ በኋላ ካርታው ይምታታበታል። የአዱሊስን መንገድ በቀን የቆጠረው ፕሮኮፒየስ ራሱ ሌላ መጽሐፉ ላይ አባይ ከሕንድ ወደ ግብፅ ይፈሳል ብሎ ጽፏል። አባይ፣ ከሕንድ! ጣናን ያየ ሰው ሲያነበው ይስቃል።

ሳይንሱንም ነካካሁት። ጀርመን ውስጥ ሙኒክ አጠገብ፣ አሽሃይም ከሚባል የ6ኛው ክፍለ ዘመን መቃብር፣ ከሟቾች ጥርስ የዚህ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ዘረመል ተገኝቷል። የዝርያው የቅርብ ዘመዶች የሚያመሩት ወደ መካከለኛው እስያ ነው። ይህ ግን የሩቅ አያቱን ነው እንጂ በየትኛው ወደብ እንደገባ አይነግርህም።

እና ግሩፑ ላይ ማስተካከያ ጻፍኩ። በሽታው በግልጽ የታየው ፔሉስዮም ነው፤ የኤቫግሪየስ «ኢትዮጵያ» የተወረሰ ወሬ ይመስላል፤ የኤፌሶኑ ዮሐንስ ግን ኩሽ ብሏል፣ እሱን መጣል አልችልም። ለዚህኛው አምስት ላይክ እንኳ አልሞላልኝም። መጀመሪያ የለጠፈው ጓደኛዬ ብቻ «እሺ፣ ታዲያ ከየት መጣ ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ። የደብተሬን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ከፔሉስዮም በፊት ባለው ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ ያልተወራረደ።