ፊውዙ ከኋላ ነበር

ረቡዕ ከሰዓት አንድ ልጅ ኮሮላውን ይዞ የመኪና ሙዚቃ ወደምገጥምበት ሱቄ መጣ። ከኋላ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) አስገጥሟል። የገጠመለት ሌላ ቤት ነው። «ድምፁን ከፍ ሳደርግ ቤዙ ይከዳኛል፣ ከዚያ አምፕሊፋየሩ ቀይ አብርቶ ይጠፋል። ቅዳሜ ሠርግ አጅባለሁ፣ በናትህ ቶሎ በልልኝ» አለኝ።

እኔም ቸኮልኩለት። ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ሸጬለት ገጠምኩ። ሳልለካ! ቮልት የምለካበት ቴስተር እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ባለ አንድ ፋራድ ካፓሲተር 50 አምፔር ሲሳብበት በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ውስጥ አንድ ቮልት ይወርዳል፣ ስለዚህ ለገመድ ችግር ምንም አይፈይድም።

ሐሙስ ማታ ተመልሶ መጣ። «ወንድሜ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል።»

አሁን በደንብ ያዝኩት። ሰብዉፈሮቹ ባለ 4 ኦም ናቸው (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ በትይዩ ስለተያያዙ 2 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ 2 ኦም ይችላል፣ በዚያ በኩል ሰላም ነው። ሞተሩን አስነስቼ፣ ዘፈኑን ከፍቼ ለካሁ። ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት። አምፕሊፋየሩ ጋ ግን ቤዝ በመታ ቁጥር 11.1 ይገባል። 2.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

የት ቀረ? የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፕሊፋየሩ ማሳ (ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ገመድ) ላይ አደረግኩ። 1.5 ቮልት። ብሎኑን ስፈታው ማሳው የታሰረው ቀለም ላይ ነው፤ ላሜራውን የነካው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር።

የቀረውን 1.2 ፍለጋ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣውን ቀይ ገመድ ተከትዬ ወደ ፊት ሄድኩ። መጀመሪያ ጫፉን በቢላ ፋቅ አደረግኩት። ከላይ መዳብ መስሏል፣ ውስጡ ነጭ፤ አሉሚኒየም ነው። ፕላስቲኩ ወፍራም፣ ሽቦው ቀጭን። ቮልቱን የበላው እሱ ነው። ምንጣፉን ገልጬ በሞተሩና በካቢናው መካከል ወዳለው ላሜራ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። ገመዱ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ነው ያለፈው፣ የጎማ ቀለበት የለውም። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር የላሜራው ጠርዝ ፕላስቲኩን ሲበላው ከርሟል። አራት አምስት ክሮች ተቃጥለው ተበጥሰዋል፣ ላሜራው ላይ የጥፍር ያህል ጥቁር ነጥብ አለ። ብልጭ ሲል የነበረው እዚያ ነው፣ ከተሳፋሪው እግር በላይ።

ፊውዙን፣ ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ተቃጥሎ የሚያቋርጠውን፣ ፈለግኩ። 60 አምፔር አለ፣ ግን ከኋላ፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ! ባትሪው ጋ ምንም የለም። እዚያ ቀዳዳ ላይ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ላሜራውን ቢነካ ኖሮ መቶዎች አምፔር ከባትሪው ወጥተው እዚያው ወደ ቦዲው ይገባሉ፤ ከኋላ ያለው ፊውዝ ጋ የሚደርስ ነገር ስለሌለ እሱ አይቃጠልም። የሚቃጠለው ገመዱ ነው፣ ከዚያ ምንጣፉ፣ ከዚያ መኪናው። ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ወዲያው የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ልጁን ጠርቼ ጥቁሩን ነጥብ አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየና «እናቴን ትናንት በዚህ ነው ያመላለስኳት» አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ፤ ያን መኪና ረቡዕ ዕለት «ጨርሻለሁ» ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አርብ ሙሉ ቀን እሱ ላይ ዋልኩ። ንጹሕ መዳብ ባለ 4 ጌጅ ወፍራም ገመድ ዘረጋሁ። ቀዳዳውን ጎማ አለበስኩት። ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር ላይ አሰርኩ። ማሳውን በብርጭቆ ወረቀት ብርማ እስኪሆን ፍቄ በአጭሩ፣ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ገመድ አጠበቅኩት። ልጁ «ለማንኛውም ፊውዙን 100 አድርገውና እንዳይቃጠልብኝ» አለኝ። እንቢ አልኩት። አምፕሊፋየሩ የሚስበው 50 ምናምን ነው፣ 60 ይበቃዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ድምፁን እስከ ላይ ከፍተን አምፕሊፋየሩ ጋ ለካን። 13.4 ቮልት። ካፓሲተሩን ፈትቼ ገንዘቡን መለስኩለት፣ እሱም መኪናውን ሊያስውብ አበባ ተራ ሄደ።