የቨርጂኒያ ኢን-ስቴት ቱሽን፦ ተከልክሎ የነበረውን እንዴት እንዳስፈቀድኩ

ኢን-ስቴት ቱሽን (ለስቴቱ ነዋሪ የሚጠየቀውን ዝቅተኛ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ) ለማግኘት ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የተሻገረ ወላጅ ለዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ የሚያቀርበው የቤት ኪራይ ውል ነው። ውሉ ብቻውን ግን አይበቃም። የቨርጂኒያ ሕግ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ቋሚ መኖሪያው ቨርጂኒያ መሆኑን፣ የቀድሞውን ስቴት ደግሞ ጨርሶ መተዉን። ማስረዳት የአመልካቹ ፋንታ ነው። ተማሪው ከ24 ዓመት በታች ከሆነ በአብዛኛው የሚመረመረው የወላጅ ወረቀት ነው።

የልጄ ማመልከቻ አውት-ኦፍ-ስቴት ተብሎ ሲመለስ (የሌላ ስቴት ነዋሪ ማለት ነው፤ ክፍያው ከእጥፍ በላይ ነው) ምክንያቱን በኢሜይል ጠየቅሁ። ስልክ የሚያነሳው ሁሉ የየራሱን ይናገራል፤ አንዱ መንጃ ፈቃድ ይላል፣ ሌላው ታክስ። የተጻፈ መልስ ግን ይዘውት የሚከራከሩበት ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ወረቀት ከነቀኑ በአንድ ገጽ ደረደርኩ። ቨርጂኒያ የገባ ሰው መኪናውን በ30 ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን በ60 ቀን ውስጥ ማዛወር አለበት። ኪራዩ በሐምሌ ጀምሮ መንጃ ፈቃዱ በታኅሣሥ ከወጣ፣ መርማሪው ዓመቱን ከታኅሣሥ ልቁጠር ይላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ታክስ ላይ ነው። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ እየኖርን ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንሠራ ብዙ ነን። ሁለቱ ስቴቶች ባላቸው ስምምነት የደመወዝ ታክስ የሚከፈለው ለሚኖሩበት ስቴት ነው፤ ነገር ግን ለአሠሪው ኤምደብሊው507 (የሜሪላንድ ታክስ እንዳይቆረጥ የሚሞላ ፎርም) እና ቪኤ-4 (የቨርጂኒያ ታክስ እንዲቆረጥ የሚሞላ ፎርም) ካልተሞላለት ለሜሪላንድ መቁረጡን ይቀጥላል። ደብሊው-2 (አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠው የደመወዝና የታክስ ወረቀት) ላይ ሳጥን 15 ውስጥ ሜሪላንድ ተጽፎ ሲታይ፣ ለመርማሪው እዚያ ነዋሪ ናችሁ ማለት ነው። መፍትሔው ሁለቱን ፎርሞች አሁኑኑ ማስገባት፣ የተቆረጠውን በሜሪላንድ ፎርም 505 (ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላው የታክስ ፎርም) ማስመለስ፣ ለቨርጂኒያ ደግሞ ታክስ መሥራት ነው፤ በዓመቱ መሀል ለገባ ፎርም 760ፒዋይ፣ ዓመቱን ሙሉ ለኖረ ፎርም 760። የሁለቱንም ቅጂ አያይዙ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ ለአሠሪው ዲ-4ኤ (የዲሲ ታክስ እንዳይቆረጥ የሚሞላ ፎርም) ይሞላል።

የእኛ ሰው ብቻ የሚገጥመው ጣጣም አለ። የልጅ ላስት ኔም የአባት ስም፣ የአባት ላስት ኔም የአያት ስም ነው፤ ከእናት ጋርማ ጭራሽ አይገናኝም። ፋይሉን የሚያየው ሠራተኛ ወላጅና ልጅ መሆናችሁን ከስም አያውቅም። የተተረጎመ የልደት ምስክር ወረቀትና ልጁ ጥገኛ ሆኖ የተመዘገበበትን የፌዴራል ታክስ ፎርም 1040 ገጽ (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን አብዛኛውን አጥቁራችሁ) ከሁለት መስመር ማብራሪያ ጋር ጨምሩ።

ማመልከቻው ስለ መራጭነት ምዝገባም ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ አይደለሁም ብሎ ይለፈው። ዲኤምቪም (መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ይህንኑ ይጠይቃል፤ ፋይሉ ይሟላልኛል ብሎ እሺ ማለት የኢሚግሬሽን ጉዳይን ያበላሻል፣ እስከ መባረርም ያደርሳል።

ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ ሁለት የይግባኝ ደረጃ አለ። በአንዱ ደረጃ የወሰነ ሰው በሌላው መቀመጥ አይችልም፤ ቢያንስ አንዱን የሚያየው ኮሚቴ ነው። የእኔ ፋይል የተቀየረው የሜሪላንዱ 505 እና የቀኖቹ ገጽ ከገቡ በኋላ ነው። የመጨረሻው ውሳኔም እምቢ ካለ ሰርኪዩት ኮርት (የስቴቱ ፍርድ ቤት) ለመሄድ ደብዳቤው ከደረሰ ጀምሮ 30 ቀን አለ። እስከዚያ የትምህርት ክፍያ ሂሳቡ ስለማይቆም፣ ልጁ ከክፍል እንዳይሰረዝ በየወሩ የሚከፈልበት ውል እንዲሰጧችሁ የሂሳብ ክፍሉን ቀድማችሁ ጠይቁ።